ሚዛን፣ መዝገብና ስልክ በመንዝ ደጋ

ሌሊት የተወለደው ግልገል በቅጡ መቆም ሳይጀምር መዝጋቢው ይደርሳል። ግልገሉን በጨርቅ ማንገቻ አድርጎ ከተንጠልጣዩ ሚዛን ላይ ይሰቅለዋል፣ መወራጨቱ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀስቱ የቆመበትን ያነባል። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም። የመንዝ ግልገል ሲወለድ ከሁለት እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ስለሚመዝን ይሄኛው ደህና ነው። ቀጥሎ የእናቲቱን ጆሮ ይዞ በፕላስቲክ ምልክቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያያል። ቁጥሩን፣ የልደቱን ቀን፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ነጠላ ይሁን መንታ፣ ለእናቲቱ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ ይመዘግባል። የበጓ ባለቤት እዚያው ቆማ «ያችኛዋም ዛሬ ሳትወልድ አታድርም፤ ነገም ብቅ በል ልጄ» ትለዋለች።

በሞላሌና በመሐል ሜዳ ዙሪያ እንዲህ ያለ መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ)፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ)፣ በቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የምርምር ማዕከላት ተባብረው በማኅበረሰብ የሚመራ የበግ ዝርያ ማሻሻያ በአራት ቦታ ጀመሩ፤ በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ። የመንዙን ሥራ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ይከታተለዋል። መዝጋቢው ግን ከማዕከሉ የተላከ ባለሙያ አይደለም፤ እዚያው መንደር ተወልዶ ያደገ፣ የማን በግ በየትኛው በረት እንደምታድር የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለ ጎልማሶች የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና እጽፋለሁ ብዬ ከበረት የጀመርኩት ይህን ሰው ለማሳየት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ፣ ውርጭ ገብሱን በሚመታበት አገር፣ መረጃ ወደ ገንዘብ ሲለወጥ በጣቴ ልጠቁም የምችለው ከሁሉ በፊት እዚህ ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ መታየት አለበት።

ለመንዝ ገበሬ በግ ባንኩ ነው። ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ልጅ ሲታመም፣ የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ ከመንጋው አንድ ይቀንሳል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሚወጣው ደግሞ ቶሎ ያደገው፣ ደልደል ያለው፣ ዋጋ የሚያወጣው ወጠጤ ነው። ስለዚህ ምርጡ አውራ ዘሩን ሳይተው ይታረዳል፤ እምብዛም ያላደገው በመንጋው ውስጥ ይቀርና አባት ይሆናል። ይህ ለብዙ ትውልድ ሲደጋገም በጉ እያነሰ መሄዱ አይቀርም። ገበሬው ይህን አላጣውም፤ ቸገረውና ሸጠ እንጂ።

መንግሥት ቀደም ሲል ይህን በሌላ መንገድ ለመፍታት ሞክሯል። ደብረ ብርሃንና መንዝ ውስጥ አመድ ጉያ ላይ የበግ ማራቢያ ጣቢያዎች ተቋቋሙ፤ አዋሲ የተባለውን የመካከለኛው ምሥራቅ በግ ከመንዙ ጋር እያዳቀሉ አውራዎችን ለገበሬ ያከፋፍሉ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ምርጫው በጣቢያ ያልቃል፣ ገበሬው ተቀባይ ብቻ ነው፤ በኋላም ማዲ ቪስና የሚባል የበግ በሽታ በጣቢያዎቹ ተገኘና ስርጭቱ ተስተጓጎለ።

አዲሱ አካሄድ የአገሬውን በግ ይዞ ተነሳ። ግልገሉ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። መዝገቡ ወደ ምርምር ማዕከሉ ይሄድና የእያንዳንዱ ወጠጤ የዘር ዋጋ ይሰላል፤ የራሱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የእናቱ፣ የአባቱ፣ የወንድም የእኅቶቹ ሁሉ ይቆጠራል። የምርጫው ቀን ወጠጤዎቹ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከመንደሩ የተመረጠ ኮሚቴ ዝርዝሩን ይዞ በጎቹን እየዞረ ያያል፤ ቀለሙን፣ ላቱን፣ ቀንዱን፣ ቁመናውን። ቁጥሩ አንደኛ ያደረገውን ወጠጤ ቀለሙ ገበያ የማይፈልገው ጥቁር ከሆነ ሊያልፉት ይችላሉ። የተመረጡት አውራዎች ከገበያ ተጠብቀው በቡድን ለተደራጁ አባወራዎች መንጋ ያገለግላሉ።

ይህን የመሰለ የጋራ ውሳኔ በመንዝ ቶሎ መሬት የያዘው በአጋጣሚ አይመስለኝም። የጓሳን የጋራ ሣር ቄሮ በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት፣ አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ መርጦ፣ ለዓመታት ዘግቶ በወቅቱ እየከፈተ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያስተዳደረ ሕዝብ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ጥበቃው በኮሚቴ መልክ ተመልሶ፣ ጓሳ በክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ታውቋል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። መዝገቡ በወረቀት በነበረበት ጊዜ ቅጾቹ ተጠራቅመው ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ፣ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋሉ፣ ስህተት ይለቀማል፣ ከዚያ ይሰላል። ዝርዝሩ ተመልሶ መንደር ሲደርስ የተመረጠው ወጠጤ ለበዓል ተሸጦ ሊሆን ይችላል። በኋላ ዲትሪዮ የሚባል መተግበሪያ በአገሪቱ የዝርያ ማሻሻያ መንደሮች መዋል ጀመረ፤ መዝጋቢው የሚዛኑን ንባብ በቀጥታ በስልክ ወይም በታብሌት ያስገባል። የማይሆን ቁጥር ቢጻፍ፣ ለምሳሌ ሃያ ሦስት ኪሎ የሚመዝን አዲስ ግልገል፣ እዚያው ይጠየቃል።

ለዚህ መዝጋቢ ስልኩ አዲስ ትምህርት ነበር፣ ሥራው ግን አዲስ አልነበረም። መመዘን ያውቃል፣ ቁጥር ማንበብ ያውቃል፣ ለምን እንደሚመዘግብ ያውቃል፣ ስህተት ቢሠራ የጎረቤቱ በግ ያለ አግባብ እንደሚቀር ያውቃል። የቀረው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ መማር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰው በአጭር ጊዜ ይማረዋል። የመዝገቡና የምርጫው ውጤት ደግሞ በምርምር ታይቷል፤ በመንደሮቹ የግልገሎች የስድስት ወር ክብደት ከዓመት ዓመት ጨምሯል፣ ምንም እንኳ በመንዝ ያለው ጭማሪ ከቦንጋና ከሆሮ አነስ ቢልም። የየአካባቢው ሳር እኩል አይደለምና አይገርምም።

ከበረቱ ወጥተን ወደ ሱቅ በር እንሂድ፤ እዚያ ያለው ታሪክ ሌላ ነው።

በመሐል ሜዳም ይሁን በራቤል፣ በሞላሌም ይሁን በዓለም ከተማ፣ የቴሌብር የሞባይል ገንዘብ ወኪል ሱቅ በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው የሚያየው አለ። አንዲት እናት ስልኳን ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ለሱቁ ልጅ ታቀብለዋለች። ዓረብ አገር ያለችው ልጇ ልካለች።

«እማማ፣ ሚስጥር ቁጥሩን እርስዎ ይምቱት» ይላታል ልጁ።

«እኔ ምኑን አውቄው? ባለፈው አንተው አይደለህ ያበጀኸው?»

ልጁ ያስታውሰዋል። ስድስት ቁጥር ይመታል፣ ብሩን ያወጣል፣ ቆጥሮ ይሰጣታል። ታማኝ ልጅ ነው፤ አብዛኞቹ ታማኞች ናቸው። ይሁንና የዚህች ሴት ገንዘብ ያለው በሷ እጅ ሳይሆን በልጁ ጨዋነት ላይ ነው። ልጁ ነገ አዲስ አበባ ቢሄድ፣ ወይም በስልክ «ሎተሪ ደርሶዎታል፤ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚል ሰው ቢደውልላት ማን ይከላከልላታል?

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሳፋሪኮምም ኤምፔሳን ይዞ በ2015 መጨረሻ ተከትሏል። በዘመናዊ ስልክ ለሚጠቀም ሰው ነገሩ ቀላል ነው። በደጋው የሚበዛው ግን ባለ ቁልፍ ስልክ ነውና መንገዱ ኮከብ 127 መሰላል ነው። ተመትቶ ሲደወል ዝርዝር ይመጣል፤ አንዱን መርጠህ ቁጥሩን ትልካለህ፣ ሌላ ዝርዝር ይመጣል፣ እንደገና ትመርጣለህ። እያንዳንዱ ገጽ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ሰው ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ገጹ ይጠፋበታል፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ እንደገና ይጠፋበታል። በዚህ ጊዜ ስልኩን ለልጁ መስጠት ስንፍና አይባልም። መሣሪያው የጠየቀው ማንበብ መቻልን አልነበረም፤ ፈጥኖ ማንበብን ነው።

በዓለም አቀፍ ግምት በ2017 እ.ኤ.አ. ማንበብና መጻፍ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ ከመቶ 52 ገደማ ነበር። በገጠር፣ በሴቶች ዘንድ፣ ዕድሜው በገፋው ላይ ይህ ቁጥር ዝቅ ይላል። ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ካላሰበ አዳራሹ ውስጥ የሚያገኘው ቀድሞውንም የተማሩትን ነው።

ይህ አገር ጎልማሳን በጅምላ አስተምሮ ያውቃል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪውና መምህሩ በየገጠሩ ወጣ፤ በዛፍ ሥር፣ በቀበሌ አዳራሽ፣ ማታ በፋኖስ ብርሃን ገበሬውና ሚስቱ ሀሁ ቆጠሩ። ትምህርቱ በአምስት ቋንቋ ተጀምሮ በኋላ ወደ አሥራ አምስት ደርሷል። ከአብዮቱ በፊት ከመቶ ዘጠና ሦስቱ ሰው ማንበብ አይችልም ይባል ነበርና የተሠራው ሥራ ታላቅ ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት አስገኝቷል። አያቶቻችን በጣት አሻራ ፋንታ ስማቸውን መፈረም የጀመሩት ያኔ ነው። እኔ ይህን ዘመቻ አቃልለው ከሚያልፉት ጋር አልስማማም።

ከዚያ በኋላ የሆነውም መነገር አለበት። የዘመቻው ተማሪ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ቤቱ ተመልሶ የሚያነበው ነገር አልነበረም። ጋዜጣ መንዝ አይደርስም፣ መጽሐፍ የለም፣ የሥራው መዝገብ የለም። ሁለት ሦስት ዓመት ሳያነብ የከረመ ጎልማሳ ፊደሉን ረሳው። በ2003 ዓ.ም. የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ሲጀመር አዘጋጆቹ ከዚህ ተምረው ነበር፤ ፊደሉን ከጤና፣ ከእርሻ፣ ከቁጠባ ጋር አያይዘው ለሁለት ዓመት እንዲሰጥ አቀዱ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የሚያስተምረው አመቻች ግን ብዙ ጊዜ በትንሽ ክፍያ የሚሠራ፣ ያለ መሣሪያና ያለ ክትትል የተተወ ሰው ሆነ።

የዲጂታል ሥልጠናውም ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ነው። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ጸደቀ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በ2014 መጀመሪያ ተቋቋመ። ሐምሌ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ሥልጠና ተበሰረ፤ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታውያን በነጻ በኢንተርኔት ይሰጣሉ፣ ላጠናቀቀም የምስክር ወረቀት አለው። ራቤል ላይ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ለተቀመጠች ልጅ ይህ እውነተኛ በር ነው፤ በሩን የሚያጣጥል ሰው ቢኖር ልጅቷን አላያትም። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ኢሜይል ይጠይቃል፣ የማይቆራረጥ ኔትወርክ ይጠይቃል። እናቷን፣ የሱቁን ደንበኛ፣ መዝጋቢውን አይመለከትም። እነሱም ሠራተኞች ናቸው፤ የዲጂታሉ ኢኮኖሚ አሁኑኑ ደርሶባቸዋል፣ እጃቸው ላይ ባለው ስልክ፣ በሴፍቲኔቱ ክፍያ፣ በፋይዳ መታወቂያ ምዝገባው።

ኔትወርክ ካልን የአማራን ክልል ሰው ልብ የሚነካውን ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም እንደተቋረጠ ቆየ። ከዚያ ወዲህ በየቦታው ቢመለስም በክልሉ ያለው ግጭት አልበረደም፤ መንገድ ይዘጋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። በዚህ መካከል ስለ ኦንላይን ሥልጠና ማውራት ለመንዝና ለጎረቤቱ ለግሼ ሰው ከባድ ነው። ሰላም የሥልጠናው የመጀመሪያ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል። ይሁን እንጂ ሰላም እስኪሰፍን ሁሉም ይቁም ማለትም አይቻልም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የማይቆም አሠራር አለና።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን እንውሰድ። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ተጀምሮ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን በየቀበሌው አሰማርቷል። የየቤቱን ጤና፣ ማን አርግዛለች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት ቀርቶበታል የሚለውን በቤተሰብ ማኅደር በወረቀት ይይዙ ነበር። በኋላ ጤና ሚኒስቴር ማኅደሩን ወደ ታብሌት የሚያሻግር የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት አወጣ። ትልቁ ብልሃቱ ያለ ኔትወርክ መሥራቱ ነው፤ ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር መረጃው ታብሌቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወረዳ ስትደርስ ወይም መስመር ስታገኝ ይላካል። እነዚህ ሴቶችም እንደ በግ መዝጋቢው ናቸው፤ መጀመሪያ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ከመንዝ ደጋ ወደ ሸለቆው ወርዶ ሲወጣ መርሐ ቤቴ ነው፤ ከተማዋም ዓለም ከተማ። ይህ አካባቢ ከውጭ የመጣ ሰው ብዙ ሲሠራበት አይቷል። ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሃይንዝ በም በ1981 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሰዎች ለሰዎች የተባለ ድርጅት በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወደ መርሐ ቤቴ መጥቶ እናት ሆስፒታልን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ የውኃ ተቋማትን ሠርቷል። የጀርመኗ ቫተርሽቴተን ከተማም ከዓለም ከተማ ጋር በእኅትማማችነት ተሳስራለች። ድርጅቱ የሠራቸው ሕንፃዎች ዛሬም ያገለግላሉ። ለሠራተኛ ሥልጠና ግን ከሕንፃው ይልቅ የሚጠቅመን ሌላ ልምድ አለ፤ በአማራም በሌሎችም ክልሎች ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የሠራው የቪዲዮ ኤክስቴንሽን። ጤፍን በመስመር የዘራ ገበሬ በራሱ ማሳ፣ በራሱ አነጋገር ይቀረጻል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያሳያል፣ እያቆመ ያወያያል፣ ቆይቶ ማን እንደተገበረው ይመለከታል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባደረገው ጥናት ቪዲዮ የታየላቸው ገበሬዎች በተለመደው መንገድ ከተመከሩት ይልቅ ምክሩን ሰምተው የመተግበር ዕድላቸው ከፍ ብሏል። ማንበብ አያስፈልግም፤ ማየትና መስማት ይበቃል።

የድምፅ ነገር በስልክም ተሞክሮ ሠርቷል። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የከፈተው 8028 ነጻ መስመር ገበሬው ደውሎ፣ ቋንቋ መርጦ፣ ስለ ሰብሉ በድምፅ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ ያደርጋል። ቁጥር መንካት የሚችል ሁሉ ይጠቀምበታል። የመንዝ ሽማግሌ ፊደል ባያውቅ ቁጥር ያውቃል፤ ብር ቆጥሮ ያውቃል፣ የበግ ዋጋ አስልቶ ያውቃል፣ የልጁን ስልክ በቃሉ ይዟል። ለገንዘብ ዝውውሩም እንዲህ ያለ ዘገም ብሎ በአማርኛ የሚናገር፣ የማይቸኩል መንገድ ቢዘጋጅለት ስልኩን ለማንም አይሰጥም።

ስለ ሴቶች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ የመንዝ ሱፍ በነሱ እጅ ነውና። በጉ ይሸለታል፤ ሱፉ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ከዚያ ሸማኔው ባና፣ ዝተት፣ በርኖስ ይሠራዋል። አንዲት ፈታይ ሳምንታት የለፋችበት ክር ወደ ባና ሲለወጥ ትርፉ የሚሄደው ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ አድርሶ ለሚሸጠው ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃና የባህል ልብስ በቴሌግራም ቻናል መሸጥ የተለመደ ሆኗል፤ ገዢው ፎቶ ያያል፣ በቴሌብር ይከፍላል፣ ዕቃው በመኪና ተጭኖ ይመጣለታል። በመሐል ሜዳ ያለች ፈታይ ይህን ለማድረግ ምን ይጎድላታል? ባናውን በቀን ብርሃን ዘርግቶ ፎቶ ማንሳት፤ ርዝመቱንና ክብደቱን ለክቶ መጻፍ፤ የሱፍ፣ የሽመናና የመጓጓዣ ወጪን ደምሮ ዋጋ ማውጣት፤ ብሩ መግባቱን በራሷ ስልክ ሳታረጋግጥ ዕቃውን አለመልቀቅ፤ የመኪናውን ሰሌዳና የሾፌሩን ስልክ ለገዢው መላክ። አምስቱም በሁለት ሳምንት የሚለመዱ ናቸው። ኮምፒውተር ክፍል አያስፈልጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው አጠገባቸው ተቀምጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ሽያጮች አብራ የምትሸጥ ሴት አሠልጣኝ ናት። ወንድ አሠልጣኝ ስልኩን ተቀብሎ ራሱ ይሠራላቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፣ ሴቶቹም ሲያዩት ይውላሉ።

የሱቁ ልጅም ቢሆን ተረስቷል። በዚህ ደጋ ከማንም በላይ ጎልማሳን ስለ ስልክ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ሥልጠና ሳይሰጠው፣ አሠልጣኝ ነህ ሳይባል። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው በወኪሎቹ መረብ ነው፤ ሰው አገልግሎቱን የተማረው በየሱቁ መስኮት ነበር። የኛም ወኪል እማማን «እርስዎ ይምቱት» ብሎ እስኪመቱት ቢታገሥ፣ ሚስጥር ቁጥር የማይነገር መሆኑን ቢያስረዳ፣ ለዚህም ከሚያገኘው ኮሚሽን ላይ ትንሽ ቢጨመርለት በአንድ ዓመት የሚደርሰውን ሰው ብዛት የትኛውም አዳራሽ አይደርሰውም።

አሁን የመዝጋቢው ደመወዝ ላይ እደርሳለሁ፤ ክርክሬ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። የበግ መዝጋቢ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክት ሲዘጋ ክፍያው ይቆማል፤ መዝጋቢው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ሚዛኑ ይሰቀላል፣ ስልኩ ይቆለፋል። አንድ ዓመት መዝገብ ከተቋረጠ የአባት የእናት ሐረጉ ይበጠሳልና የሚቀጥለው ስሌት ሁሉ ይዳከማል። የዝርያ ማኅበራቱ አውራ ሸጠው ከሚያገኙት ላይ ለመዝጋቢው ድርሻ ቢቆርጡ፣ ወረዳውም የጎደለውን ከእንስሳት ሀብት በጀቱ ቢሞላ ሥራው ይቆማል ብሎ መስጋት አይኖርም። የሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ መዝጋቢነትን የራሱ የሙያ ደረጃና ምዘና ያለው ሥራ ቢያደርጉት፣ ብቃቱ የተረጋገጠለት መዝጋቢ በበግ ብቻ አይወሰንም፤ ለኅብረት ሥራ ማኅበር እህል ይመዘግባል፣ ለባና ሠሪዎች ሽያጭ ይይዛል፣ ለጓሳ ጥበቃ ይመዘግባል። ከመዝጋቢዎቹ እኩሌታው ሴቶች ይሁኑ።

ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላት በየቀበሌው አሉ፤ ብዙዎቹ ተቆልፈው ይውላሉ። አንዱን ከፍቶ አንድ የፀሐይ ኃይል መሙያ፣ ጥቂት ስልኮች፣ አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን፣ አንድ ትንሽ ፕሮጀክተር ማስገባት ይቻላል። አሠልጣኝ የሚሆኑትም ሞላሌና መሐል ሜዳ አሉ፤ ለዓመታት የመዘገቡ ሰዎች ናቸው። ለግሼና ለመርሐ ቤቴ እነሱን አበል ከፍሎ መላክ ከሩቅ አማካሪ ከማስመጣት ይቀላል። ጊዜውም ይታወቃል፤ መኸሩ ተወቅቶ ሰው ከአውድማ ሲመለስ፣ በጥር ቢጀመር፣ የበልግ እርሻ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያው ዙር ያልቃል።